እናቴን የወሰደብኝ የሜክሲኮ ፊልም

በባሌ ቀንቼ አላውቅም። ቅናት ምን እንደሚመስል የተማርኩት በእናቴ ነው፤ ያውም ልጆች አድርሼ፣ ጎንበስ ስል ወገቤን ይዤ መነሳት ከጀመርኩ በኋላ። የቀናሁትም ፊት ለፊቷ ባለው በር በምትኖር በአንዲት አሮጊትና በጥቁርና ነጭ የሜክሲኮ ፊልሞቿ ነው። የሰማኝ ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ፤ እናቱ አልተወሰደችበትም።

እናቴ የምትኖረው ሀዳር ሰፈር ነው፤ ሊፍት በሌለው አሮጌ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። እኔ በአውቶቡስ ራቅ ያለ ከተማ፣ ክርያት ቢያሊክ ነኝ። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ረዳት ስለሆንኩ ቀኑን የሰው ልጅ አፍንጫ ስጠርግ እውላለሁ፤ ስጨርስ አውቶቡስ ይዤ ወደ እሷ እወጣለሁ። "ነይ ከኛ ጋር ኑሪ፤ ክፍል አለ፣ ሊፍት አለ፣ የልጅ ልጆች አሉ" ብዬ ያልለመንኳት ጊዜ የለም። "ደረጃው ጉልበቴን ያፍታታልኛል" ትለኛለች። ሰው ጉልበቱን ለማፍታታት ብሎ ልጁን እምቢ ይላል?

ከጎንደር ስንመጣ ልጅ ነበርኩና ዕብራይስጡን ቶሎ ያዝኩት። እናቴን ግን እምቢ አላት። ስለዚህ አፏም ጆሮዋም እኔ ሆንኩ። ኩፓት ሆሊም፣ ጤና ጣቢያው፣ ስንሄድ ሐኪሙ "የት ነው የሚያማት?" ብሎ የሚያየው እኔን ነው። ወንድሜ ትምህርት ቤት አጥፍቶ እናቴ ስትጠራ፣ አስተማሪዋ የተናገረችውን አለስልሼ፣ እናቴ የመለሰችውን ደግሞ አሳምሬ የማቀርበው እኔ ነኝ። ማታ ቴሌቪዥን ፊት "ምን አለ?" ትለኛለች። ሰለቸኝ ብዬ ያጉረመረምኩበት ቀን ሞልቷል። ግን እናትሽ ያላንቺ አንድ ቃል የማታልፍ ስትሆን፣ በዓለም ላይ ያለሽ ቦታ የማያጠራጥር ነው።

ጎረቤቷ ሜክሲኮ የተወለደች አይሁዳዊት ናት። በወጣትነቷ መጥታ፣ እዚሁ ኖራ፣ ባሏን እዚሁ ቀብራ፣ ልጆቿ ርቀውባት ብቻዋን የቀረች። በዕድሜ እናቴን ታክላለችና አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር። ቅናት አንቱታን ያስረሳል።

የተዋወቁት በበርበሬ ነው። እናቴ ጣሪያ ላይ የበርበሬ ዛላ አስጥታ፣ ሕንፃው ሁሉ እያሳለ መስኮቱን ሲዘጋ፣ ይቺ ሴትዮ እያስነጠሰች ወጣች። እናቴ ቁጣ ጠብቃ አንገቷን ደፋች። ሴትዮዋ ግን አንዱን ዛላ አነሳች፣ አሸተተች፣ ጫፉን ነከሰች፣ ከዚያ ዓይኗ እንባ አቅርሮ መሳቅ ጀመረች። በማግስቱ ማንጎ ከትፋ፣ ሎሚ ጨምቃበት፣ የራሷን አገር በርበሬ ነስንሳበት አመጣች። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንጎ ያለ ሚጥሚጣ አትበላም። እኔ ያንን ነገር እስከ ቅርብ ጊዜ አልቀመስኩትም፤ በእልህ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥቼ ባንኳኳ ባንኳኳ የሚከፍት ጠፋ። ወድቃ ይሆን ብዬ በሩን ስደበድብ፣ ከኋላዬ ካለው በር ውስጥ ሳቅ ሰማሁ። የእናቴ ሳቅ ነው። ግን እኔ ቤት የምትስቀው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነው፤ ይሄኛው አፍ የሚሸፈንለት ሳቅ አልነበረም። ገባሁ። ሁለቱ አሮጊቶች ሶፋ ላይ ተጠጋግተው፣ የማንጎው ሳህን መሃላቸው፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ቀጭን ሰውዬ የቄስ ልብስ ለብሶ ላቡን ይጠርጋል። የሚሰማው ስፓኒሽ ብቻ ነው፤ ከታች የሚነበብ የዕብራይስጥ ጽሑፍ እንኳን የለውም።

"ዝም ብለሽ ተቀመጪ" አለችኝ እናቴ። "ይሄ ቄስ ቄስ አይደለም። ከልጅቱ ወንድሞች ሸሽቶ ነው ልብሱን የሰረቀው። አሁን እነሱው ይዘውት መጥተው እጮኛውን ለሌላ ሰው አጋባ ሊሉት ነው።"

"ስፓኒሽ መቼ አወቅሽ?"

"ሰውየው ይዋሻል። ውሸት ለማወቅ ደሞ ቋንቋ ይፈልጋል?"

ተቀመጥኩ። ሰውየው እያላበው እጮኛውን ለሌላ ሲያጋባ ሁለቱ ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ። እኔን የቁምነገሩ ግማሽ አመለጠኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴ እየተረጎመችልኝ ነበር፤ ደስም አላለኝም።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሆነ። እናቴ ፊልሞቹን የሳቅ፣ የእንባና የባርኔጣ ብላ ከፍላቸዋለች። የባርኔጣ የምትለው የወንጀሉን ነው፤ ገዳዩም፣ መርማሪውም፣ የሚሞተውም ባርኔጣ ስለሚያደርጉ። በባርኔጣ ፊልም የገዳዩ እናት በሕይወት ካለች፣ እናቴ ሁልጊዜ ከገዳዩ ጋር ናት፤ "ማን ይጦራታል?" ትላለች። ጭንብል አድርገው የሚታገሉ ጀግኖች ያሉባቸውም አሉ፤ ጭንብሉን ሳያወልቁ ሾርባ የሚጠጡ። እነሱን የሳቅ ነው ትላለች እናቴ፤ ጎረቤቷ የባርኔጣ ነው ትላለች። በዚህ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በስፓኒሽ፣ መሃል ላይ እናቴ እምብዛም በማትችለው ዕብራይስጥ። ተግባብተው ነው የጨረሱት።

ፊልሞቹ ውስጥ ወንዶቹ እየተቃቀፉ "ኮምፓድሬ" ይባባላሉ። ጎረቤቷ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ያነሳ ማለት ነው ብላ በእጇ ለማስረዳት ስትታገል፣ እናቴ "አበልጅ!" ብላ ጮኸች። ያንን ቃል እዚህ አገር ከመጣን ወዲህ ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። እኛ በቤተሰባችን የዱሮ ታሪክ ውስጥ ክርስትና ያለብን፣ ተምረን ተፈትነን ወደ አባቶቻችን ሃይማኖት የተመለስን ሰዎች ነን፤ እናቴ የዚያን ዘመን ቃላት አጣጥፋ አስቀምጣቸው ነበር። አንዲት ሜክሲካዊት መጥታ ፈታቻቸው። እስከ ዛሬ "ኮማድሬ"፣ ሴቷ አበልጅ፣ እያለች ትጠራታለች፤ እናቴም "እህት ዓለም" ትላታለች። እኔ ምን እንደምባል ማንም አልጠየቀም።

ዝም ብዬ ግን አልተቀመጥኩም። ስልኬ ላይ ስፓኒሽ ማስተማሪያ ጫንኩ። አውቶቡስ ውስጥ "ፖሙ ቀይ ነው"፣ "ድመቷ ወተት ትጠጣለች" እያልኩ አጠና ነበር። ፊልሞቹ ውስጥ ግን ፖምም ድመትም የለም። ሴትዮዋ ደረጃ ላይ ወድቃ፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ "ልጁ ያንተ አይደለም!" ስትል እኔ ድመቷን እጠብቃለሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ እናቴን እኔ ቤት አመጣሁና በእኛ ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ያንኑ ዓይነት ፊልም ከፈትኩላት። ማንጎም ከትፌ ነበር። ትንሽ አየችና "አይ፣ ይሄ እሷ ብታየው ነበር የሚያምረው" ብላ ተኛችብኝ። ባሌ በስተጀርባ ሲስቅ ሰማሁት። የተከተፈውን ማንጎ ጠቅላላ አናቱ ላይ ብደፋበት ደስ ይለኝ ነበር፤ ለልጆቹ ሰጠሁት።

እንዲህ ስንል ፋሲካ ሊደርስ ሲል ወንድሜ ደወለ። ጎንደር የቀረው አጎታችን አርፏል። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው። እኛ ስንመጣ ተራህ አልደረሰም ተብሎ የቀረ፣ ዘንድሮ እመጣለሁ ከርሞ እመጣለሁ እያለ ያረጀ።

"አሁን ለእማዬ አንነግራትም፤ አሐሬ ፔሳሕ" አለ ወንድሜ፤ ከፋሲካ በኋላ። "የደም ግፊቷን ታውቂያለሽ። በበዓል አናስለቅሳት። ቤሰደር?"

ቤሰደር፣ እሺ፣ አልኩት። በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይወረወርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይቀድማል፣ ጎህ ሲቀድ ሰውዬው ከቤቱ ሳይወጣ ይነገረዋል፤ ያኔ የሚይዘው ክንድ፣ አብሮት የሚያለቅስ ሰው አጠገቡ አለ። እስከዚያ ሁሉም አፉን ይይዛል። የክርያት አታ ዘመዶቻችንን ጠራሁ፣ ሽማግሌዎቹን ለመንኩ፣ ቀን አስቆረጥኩ። የእናቴን መርዶ የማሰናዳው እኔ ነኝ፤ የምይዛትም እኔ ነኝ። ነውር ይሁን እንጂ ልንገራችሁ፤ በዚያ ሐዘን ውስጥ አንድ ደስታ ነበረኝ። ይሄ ጉዳይ የእኔና የእናቴ ነው፤ ሜክሲኮ አይገባበትም።

በዚያው ሰሞን እናቴ የሳቁንም የባርኔጣውንም ፊልም ተወች። የእንባ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ስገባ ፊልሙ ውስጥ አንዲት ሴት ባቡር ጣቢያ ቆማ ወንድሟን ትጠብቃለች፤ ባቡሩ ይመጣል፣ ሰው ይወርዳል፣ እሱ የለም። እናቴ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ደረቷን ቀስ እያለች እየመታች ታነባለች። ጎረቤቷ እጇን ይዛታለች።

"ነጠላውስ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ለሰውየው ነው" አለችኝ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። "ወንድሟ ሞቷል። አልነገሯትም እንጂ ሞቷል።"

ደነገጥኩም፣ ተናደድኩም። ለማታውቃቸው ሰዎች እንዲህ የምታለቅስ፣ የራሷን ስትሰማ ምን ልትሆን ነው? ደግሞም ያ ሁሉ እንባ የማን ነው? እኔ ፊት በአባቴ ቀብር እንኳን ጥርሷን ነክሳ የቆመች ሴት ናት። ጎረቤቷን ወደ ወጥ ቤት ጠርቼ በዕብራይስጥ ነገርኳት። ወንድሟ ሞቷል፣ አታውቅም፣ ከፋሲካ በኋላ በወጋችን እንነግራታለን፣ እባክሽ እስከዚያ የሚያስለቅስ ነገር አታሳያት አልኳት። ሴትዮዋ አየችኝ። ከዚያ በሩን አሻግራ እናቴን አየች። "ቤሰደር" አለች።

በማግስቱ ስመጣ ሌላ የእንባ ፊልም ከፍታላታለች። ልብ የሌላት ሴት ናት አልኩ። ለባሌ ነገርኩት፣ ለወንድሜ ነገርኩት፣ መዋዕለ ሕፃናት ላሉት ባልደረቦቼ ሁሉ ነገርኩ። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" የሚለውን የተረተው ሰው ይቺን ሴት አያውቃትም አልኩ።

የመርዶው ቀን ጎህ ሳይቀድ ሀዳር ደረስን። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ፣ ወንድሜ ለእናቴ ውሃ ይዞ፣ እኔ ልይዛት ከበሩ አጠገብ። ጫማ እንዳይሰማ ቀስ ብለን ነው የወጣነው። የጎረቤቷ በር ገርበብ ብሎ እሷም በጥቁር ልብስ ቆማለች። ማን ነገራት ብዬ ገረመኝ፤ ቀኑን አልነገርኳትም ነበር። ሽማግሌው ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሱ በሩ ተከፈተ። እናቴ ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን አስራ፣ ቆማለች።

"እንዴት አደሩ" አለቻቸው። "ይግቡ። ደረጃው አድክሟችኋል።"

ሽማግሌው "እንግዲህ እግዜር የሰጠውን..." ብለው ሲጀምሩ እናቴ እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ጮኸች። ጩኸቱ ወጉን የጠበቀ ጩኸት ነው፤ ማንም እንከን አያገኝበትም። ልይዛት ዘልዬ ገባሁ። ክንዴ ውስጥ ግን አልተንቀጠቀጠችም። እንዲያውም ደርበብ ብላ፣ እኔን ደግፋ ይዛ፣ ሙሾዋን አወጣች፦

"ወንድሜ ሲቀበር አፈሩ ሲመለስ፣
እኔ ሜክሲኮ ነበርኩ በሰው አገር ሳለቅስ።"

ሴቶቹ ተቀበሏት፤ ግን ተያዩ። "ሜክሲኮ አለች?" ብላ አንዷ ስትጠይቅ ሰማሁ። "ሐዘኑ ነው፣ ተምታታባት" አለች ሌላዋ። ወንድሜ ውሃውን አቀረበ። እኔ ብቻ ነበርኩ የገባኝ፤ እኔና ከኋላ በሩ ላይ ቆማ እንባዋን የምትጠርገው፣ አንድ ቃል አማርኛ የማታውቀው ሴትዮ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነበር ለካ ያ ሁሉ ሰሞን። እናቴ ታውቅ ነበር። ያቺም ማወቋን ታውቅ ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ ምስጢር ብዬ ስነግራት፣ የእናቴን ምስጢር ከእኔ፣ የእኔን ምስጢር ከእናቴ ይዛ ቤሰደር አለችኝ።

ለቀስተኛው ረገብ ያለ ዕለት፣ እናቴ ፍራሽ ላይ፣ እኔ አጠገቧ ሆነን ጠየቅኳት።

"ማን ነገረሽ?"

"የአክስትሽ ልጅ ከጎንደር በስልኬ ድምፅ ላከች። እናንተ የነገራችሁኝ መስሏት ነው። እግዜር ያጥናሽ አለችኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽን?"

"እናንተስ ለምን ዝም አላችሁኝ?"

"ወጉ ነዋ!"

"ቀኑን ሳይቀር ከክርያት አታ ሰምቼ፣ እኔም ወጉን ጠበቅሁላችሁ። ደክማችሁ ስታሰናዱ ላፍርሰው?"

ይሄንን ትቼ የሚያንገበግበኝን ተናገርኩ። "ከሷ ጋር አልቅሰሽ ከእኔ ጋር የማታለቅሺው ምን በድዬሽ ነው? የማንን ወንድም ነው ለማን የምታለቅሺው? እሷ እንደሆነች እሱን አታውቀው፣ አገሩን አታውቀው!"

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ አፍተለተለች። "ካንቺ ጋር ባለቅስ" አለችኝ፣ "አንቺ ታለቅሻለሽ። አንቺ ስታለቅሺ እኔ ማባበል እጀምራለሁ። እናት ነኛ፣ ምን ላድርግ? እዚያ ቤት ግን እናት አልነበርኩም። የሱ እህት ብቻ ነበርኩ።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይሄ መልስ አፉን ያዘጋዋል። እኔን አቃጠለኝ። እናትነቷን ስታሳየኝ ኖራ እህትነቷን ለጎረቤት ሰጠችው! አጎቴን በጀርባዋ ስታዝል የነበረችውን ልጅ እኔ አላየኋትም፤ ያቺ ሴትዮ አየቻት። ተነስቼ ሳህን ላጥብ ብዬ ሄድኩ። ሳህን እያጠብኩ ሳለ እኔም አጎቴን እንዳላለቀስኩት ትዝ አለኝ። ስደውል፣ ሽማግሌ ስለምን፣ ቀን ስቀጥር ጊዜ አልነበረኝም፤ በመርዶው ዕለትም ሥራዬ እናቴን መያዝ ነበር።

እናቴ እንቅልፍ ሲወስዳት ተሻገርኩና አንኳኳሁ። ለቅሶ ቤት ትቶ ፊልም ማየት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። "የእንባ ክፈቺልኝ" አልኳት። ምክንያት አልጠየቀችኝም። ማንጎውን በመሃላችን አስቀመጠች።

ፊልሙ ስለምን እንደሆነ በደንብ ልነግራችሁ አልችልም። ልብስ አጣቢ እናት አለች፣ ጠበቃ ሆኖ የሚያፍርባት ልጅ አለ። አንድ ቦታ ላይ የሠፈር ገበያ ነው፤ ሰውዬ ትንሽ ልጅ ትከሻው ላይ አውጥቶ በሕዝቡ መሃል ያልፋል። ሌላ ምንም አያደርግም፤ ያልፋል ብቻ። እኔን አጎቴ እንደዚያ ትከሻው ላይ አውጥቶ ጎንደር ቪዲዮ ቤት ይወስደኝ ነበር። የህንድ ፊልም ነው የሚታየው፤ ማንም ቋንቋውን አያውቅም። እሱ ከኋላ ሆኖ ጮክ ብሎ ለቤቱ ሁሉ ይተረጉም ነበር፤ ከራሱ ፈጥሮ፣ ተዋናዮቹን የጎንደር ሰፈርተኛ አድርጎ። ሰው እየሳቀ ይሰማዋል፤ እኔ ትከሻው ላይ ሆኜ ሁሉን የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር። አለቀስኩ። ሴትዮዋ አላባበለችኝም፣ አላየችኝምም፤ ማንጎ እየበላች ቴሌቪዥኗን አየች። እኔም በልቼ፣ ሚጥሚጣው ሲያቃጥለኝ አፍንጫዬን እየጠረግሁ አለቀስኩ። የማንም እናት፣ የማንም ልጅ ሳልሆን አለቀስኩ።

ስመለስ እናቴ ነቅታ ፍራሿ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኔን አየች።

"የት ነበርሽ?"

"እዚያ።"

ሐዘን ላይ ሆነሽ ፊልም? ብላ ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

"የትኛውን አያችሁ?" አለችኝ።

"የልብስ አጣቢዋን።"

"የልብስ አጣቢዋን?" ድምጿ ተለወጠ። "እሱን እኮ አላየሁትም! አብረን ልናየው ያስቀመጥነው ነው። የሐዘኑ ሰባት ቀን እስኪያልቅ መታገስ አቃታችሁ? ያለእኔ?"

"እማዬ፣ እንደገና ይከፈታል እኮ።"

"ተይኝ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ምሳ ሳቀርብላት አልበላም አለች። ሻይ ሳቀርብላት ወንድሜን ጠርታ ከእሱ እጅ ተቀበለች። ጎረቤቴን ወሰድሽብኝ ብላ ይሁን፣ ልጄን ወሰደችብኝ ብላ፣ አልጠየቅኳትም። የሚስማማኝን፣ ሁለተኛውን መረጥኩ።